ከትንሽ አገር የወጣ ሐሳብ፦ ክሪስተን ኒጎርድና «ክላስ» የሚባለው ነገር

ከጋዜጠኝነት 2ኛ ዓመት ተማሪ

ኮምፒዩተር ሳይንስ የሚማር ጓደኛ ያለው ሁሉ «ክላስ» የምትለዋን ቃል ደጋግሞ ሳይሰማ አይቀርም። ለእኛ ክላስ ማለት ያው ገብተን የምንማርበት ክፍል ነው። ለእነሱ ግን ሌላ ነው፤ ክላስ ይጽፋሉ፣ ክላስ ይፈትሻሉ፣ ክላስ አልሠራ ብሏቸው ሌሊት ሲያፈጡ ያድራሉ። ቃሉ ከየት እንደመጣ ቢጠየቁ ብዙዎቹ ጃቫን ወይም ሲ ፕላስ ፕላስን ይጠራሉ፤ ከዚያ አልፎ የሚሄድ ጥቂት ነው። የሐሳቡ ባለቤቶች ግን ሁለት ኖርዌያውያን ናቸው፤ ክሪስተን ኒጎርድና ኦሌ-ዮሃን ዳል። በዚህ ጽሑፍ በተለይ የኒጎርድን ሕይወት ለማየት እንሞክራለን። የኒጎርድን የመረጥኩበት ምክንያት አለኝ። ይህ ሰው መሣሪያውን ሠርቶ ብቻ አልተቀመጠም፤ የሠራሁት መሣሪያ ማንን ይጠቅማል፣ ማንን ይጎዳል ብሎ የጠየቀ ሰው ነው። ይህ ጥያቄ ደግሞ የኮምፒዩተር ሰዎች ብቻ ሳይሆን የእኛም ሙያ ጥያቄ ነው።

ልጅነትና ትምህርት

ክሪስተን ኒጎርድ የተወለደው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 27 ቀን 1926 በኖርዌይ ዋና ከተማ ኦስሎ ነው። የጉርምስና ዕድሜው ያለፈው አገሩ በጀርመን ወረራ ሥር በነበረችበት ጊዜ ነው፤ ወረራው ከ1940 እስከ 1945 ድረስ አምስት ዓመት ቆይቷል። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ተማረ። ትምህርቱን ግን በአንድ ጊዜ አልጨረሰም። በ1948 ለብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት በኖርዌይ የመከላከያ ምርምር ተቋም ተመደበና በዚያው ቀረ፤ እስከ 1960 ድረስ 12 ዓመት ሠራበት። የማስተርስ ዲግሪውን በሒሳብ ያገኘው እየሠራ በ1956 ነው።

ኒጎርድ እዚያ ሥራ ሲጀምር በተቋሙ ኮምፒዩተር የሚባል ነገር አልነበረም። በ1949 የኖርዌይን የመጀመሪያ የኑክሌር ሪአክተር ለመሥራት የሚያስፈልጉ ስሌቶች ነበሩ። ስሌቱ በተለመደው መንገድ አልሄድ ሲል ኒጎርድ «ሞንቴ ካርሎ» የሚባለውን ዘዴ ተጠቀመ። ዘዴው በአጭሩ እንዲህ ነው፦ አንድን ነገር በቀመር መፍታት ሲያስቸግር ነገሩን ራሱን በወረቀት ላይ ደጋግሞ ማስመሰል፣ ዕጣ እንደማውጣት ያለ ቁጥር እየወሰዱ ብዙ ጊዜ መሞከርና ከውጤቱ አማካዩን ማየት ነው። ይህን ሁሉ በእጅ መሥራት ምን ያህል እንደሚያደክም መገመት አያዳግትም።

ከዚያ በኋላ ወደ ኦፕሬሽናል ሪሰርች ተሸጋገረ። ይህ የጥናት ዘርፍ የተወሳሰበ ሥራ (ፋብሪካ፣ ወደብ፣ የጦር ሠራዊት እንቅስቃሴ) እንዴት እንደሚሄድ የሚያጠና ነው። ስንት ሰው ይሰለፋል? ስንት ማሽን ሥራ ይፈታል? ዕቃው የት ላይ ይጠራቀማል? ኒጎርድን ያስጨነቀው ታዲያ ስሌቱ ብቻ አልነበረም። አንድን እንዲህ ያለ ሥራ ለሌላ ሰው በማያሻማ መንገድ ለመግለጽ የሚያስችል ቋንቋ አለመኖሩ ነው። አንዱ በሥዕል፣ አንዱ በቀመር፣ ሌላው በወሬ ይገልጸዋል፤ ሁሉም የየራሱን ይረዳል። የሰው ልጅ ሊያነበው የሚችል፣ ኮምፒዩተርም ሊያስኬደው የሚችል አንድ መግለጫ ቢኖርስ? ሲሙላ የተባለው ቋንቋ የተወለደው ከዚህች ጥያቄ ነው።

አይሆንም ያሉት ሰዎች

በ1960 ኒጎርድ ወደ ኖርዌይ ኮምፒዩቲንግ ማዕከል ተዛወረ። ስለ ሲሙላ የተጻፈ የመጀመሪያው ማስረጃ ጥር 5 ቀን 1962 በፓሪስ ለነበረ አንድ የሙያ ባልደረባው የላከው ደብዳቤ ነው። ሆኖም ሐሳብ ብቻውን ቋንቋ አይሆንም፤ ሐሳቡን ወደ ማሽን የሚያወርድ ፕሮግራመር ያስፈልጋል። ለዚህ ከመከላከያ ምርምር ተቋሙ የሚያውቀውን ኦሌ-ዮሃን ዳልን ያዘ። ዳል በ1931 የተወለደ፣ ከኒጎርድ በአምስት ዓመት የሚያንስ፣ በፕሮግራም አጻጻፍ ግን በአገሩ ቀዳሚ ከሚባሉት አንዱ ነበር።

የሁለቱ ጠባይ ለየቅል ነው ይባላል። ኒጎርድ ትልቅ ሰው፣ ድምፁ የሚሰማ፣ ክርክር የሚወድ፤ ዳል ደግሞ ዝምተኛ፣ ጥንቁቅ፣ ሒሳቡ እስኪጠራ የማይለቅ። አብረው ሲሠሩ ግን ዳልም ዝም አይልም ነበር። ራሳቸው በኋላ የጻፉት አንድ ታሪክ አለ። በ1967 ጸደይ ላይ በማዕከሉ ሥራ የጀመረ አንድ አዲስ ሠራተኛ እየተደናገጠ ወደ ስልክ ኦፕሬተሯ ሄዶ፣ ፎቅ ላይ ሁለት ሰዎች ጥቁር ሰሌዳ ፊት ለፊት ቆመው ሊደባደቡ ነውና ምን እናድርግ ብሎ ይጠይቃታል። ልጅቱ ጆሮዋን ቀስራ ካዳመጠች በኋላ፣ አይ፣ ዳልና ኒጎርድ ስለ ሲሙላ እየተወያዩ ነው ብላ አሰናበተችው።

ይሁንና ትልቁ ፈተና የመጣው ከውጭ ነው። ሐሳባቸውን ሲያቀርቡ የሰሟቸው መቃወሚያዎች አራት ዓይነት ነበሩ። አንደኛው፣ እንዲህ ያለ ቋንቋ ለማንም አይጠቅምም። ሁለተኛው፣ ይጠቅማል ግን ሌሎች ቀድመው ሠርተውታል። ሦስተኛው፣ ሐሳባችሁ በቂ አይደለም፤ እናንተም ችሎታው የላችሁም። አራተኛው ደግሞ፣ ይህን የመሰለ ሥራ ሀብት ባላቸው ትልልቅ አገሮች ይሠራ እንጂ እንደ ኖርዌይ ባለች ትንሽ አገር አይሠራም። በጊዜው የኖርዌይ ሕዝብ 3.6 ሚሊዮን ገደማ ነበር። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የመጀመሪያውና ሁለተኛው መቃወሚያ እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ናቸው። የማይጠቅምን ነገር ሌሎች ቀድመው ምን ብለው ይሠሩታል? አራተኛው ግን ለእኛም እንግዳ አይደለም። አንድ ተማሪ አዲስ ነገር እሞክራለሁ ሲል «ይሄ እኮ የፈረንጅ ሥራ ነው» ብሎ የሚያጣጥል ሰው በየቦታው ይገኛል።

መውጫው የመጣው ከገበያ ነው ቢባል ያስኬዳል። ዩኒቫክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ አዲሱን ዩኒቫክ 1107 ኮምፒዩተር በአውሮፓ ማስተዋወቅ ይፈልግ ነበር። ኒጎርድ በ1962 ወደ አሜሪካ ሄዶ ስለ ሲሙላ አስረዳ። በድርድሩ መጨረሻ ማዕከሉ ኮምፒዩተሩን በከፍተኛ ቅናሽ አገኘ፤ የሲሙላ ሥራም የስምምነቱ አካል ሆነ። ማሽኑ በ1963 ኦስሎ ደረሰ። የመጀመሪያው ሲሙላ በ1964 መጨረሻና በ1965 መጀመሪያ ላይ መሥራት ጀመረ። አይሆንም የተባለው ነገር ሆነ ማለት ነው።

ኬላው፣ ሰልፉና ክላስ

የመጀመሪያው ሲሙላ ለማስመሰል ሥራ ብቻ የታሰበ ነበር። ሲጠቀሙበት ግን ችግር ታያቸው። ለምሳሌ ድልድይ ላይ የመንገድ ክፍያ የሚሰበሰብበት ኬላ አለ እንበል። መኪኖች ይሰለፋሉ፤ አንዳንዱ የጭነት መኪና ነው፣ አንዳንዱ አውቶቡስ። ሁሉም መሰለፍ የሚባለውን ነገር ይጋራሉ፤ ከፊቴ ማን አለ፣ ከኋላዬስ ማን አለ የሚለውን ማወቅ አለባቸው። የጭነት መኪናው ግን ስንት ኩንታል እንደጫነ፣ አውቶቡሱ ደግሞ ስንት ተሳፋሪ እንደያዘ ለየብቻ መመዝገብ አለበት። ታዲያ የመሰለፉን ነገር ለእያንዳንዱ እንደገና ከመጻፍ አንድ ጊዜ ብቻ ጽፎ ለሁሉም ማውረስ አይቻልም ወይ?

መልሱ የመጣላቸው በ1966 መጨረሻና በ1967 መግቢያ ላይ ነው። የእንግሊዛዊው ቶኒ ሆር ስለ መዝገቦች የጻፈው ሥራም ረድቷቸዋል። የጋራው ነገር በአንድ ክላስ ይጻፋል፤ የጭነት መኪናና አውቶቡስ ከእሱ ይወርሱና የራሳቸውን ይጨምራሉ። ይህንኑ በግንቦት 1967 በኦስሎ አጠገብ ሊሰቡ በተባለ ስፍራ በተደረገ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ላይ አቀረቡ። አዲሱ ቋንቋ ሲሙላ 67 ተባለ። ክላስ፣ ኦብጀክት፣ ውርስ የሚባሉት የዛሬው የኦብጀክት ኦሪየንትድ ፕሮግራሚንግ ምሰሶዎች በአንድ ላይ ቆመው የታዩት በዚህ ቋንቋ ነው።

ለማያውቅ አንባቢ ክላስ ምን እንደሆነ በቀላል ምሳሌ እንይ። የቁጠባ ሒሳብ የሚባል ክላስ እንጻፍ። በውስጡ መጀመሪያ የሚቀመጠው ነገር አለ፤ ይኸውም ቀሪው ገንዘብ ነው። ቀጥሎ የሚሠራው ሥራ አለ፤ ማስገባት፣ ማውጣትና ቀሪውን መናገር ናቸው። ክላሱ ራሱ የማንም ደብተር አይደለም፤ ደብተሩ የሚታተምበት ቅርጽ ነው። ከእሱ ተነስቶ ለአንድ ሰው አንድ፣ ለሌላው ሌላ ደብተር ይወጣል፤ እያንዳንዱ ደብተር ኦብጀክት ይባላል። ዋናው ቁም ነገር ገንዘቡና ገንዘቡን የሚነካው ሥራ በአንድ ቦታ መሆናቸው ነው። ማንም ከውጭ መጥቶ ቀሪውን መሰረዝ አይችልም፤ በማስገባት ወይም በማውጣት በር ማለፍ አለበት። በነገራችን ላይ ይህ የመጨረሻው፣ ማለትም በሩን የመዝጋቱ ነገር፣ በሲሙላ 67 መጀመሪያ ላይ የተሟላ አልነበረም፤ በኋላ በተደረጉ ማሻሻያዎች የዳበረ ነው።

ተጽፎ ሲያበቃ ይፈተሻል። እዚህ ላይ ሥራው ከእኛ ሙያ ጋር ይመሳሰላል፤ አንድ ዜና ሳይጣራ እንደማይወጣ ሁሉ ክላስም ሳይፈተሽ አይታመንም። 500 ብር ያለበት ደብተር እንክፈትና 200 እናውጣ፤ 300 መቅረት አለበት። ይህ ቀላሉ ነው፤ ብዙ ጀማሪም እዚህ ላይ ያቆማል። ስህተት የሚደበቀው ግን ጠርዝ ላይ ነው። 300 ቀርቶ 400 ለማውጣት ቢሞከር ክላሱ እምቢ ማለት አለበት፤ እምቢ ካለ በኋላም ቀሪው 300 እንደሆነ መታየት አለበት። ልክ 300 ቢወጣስ? ዜሮ መቅረት አለበት እንጂ እምቢ ማለት የለበትም። አንድ ተንኮለኛ ከዜሮ በታች 50 ብር ላስገባ ቢልስ? ካልተከለከለ ማስገባት የተባለው በር ገንዘብ የሚወጣበት በር ሆነ ማለት ነው። በመጨረሻ ሁለተኛ ደብተር ከፍተን በአንዱ ስናስገባ ሌላው አለመነካቱን እናያለን። ከክላሱ የሚወርስ ሌላ ክላስ ስንጽፍ ደግሞ፣ ለምሳሌ ወለድ የሚጨምር ሒሳብ፣ የወላጁን ፈተና ሁሉ ልጁም ማለፍ አለበት።

ይህ የመፈተሽ ልማድ ከጊዜ በኋላ በመሣሪያ ተደግፏል። አሜሪካዊው ኬንት ቤክ መጀመሪያ ለስሞልቶክ ቋንቋ የመፈተሻ ፕሮግራም ሠራ፤ በ1997 ደግሞ ከኤሪክ ጋማ ጋር ሆኖ ጄዩኒት የተባለውን ለጃቫ ሠሩ። ስሞልቶክ ራሱ የሲሙላ ልጅ ነው ማለት ይቻላል። የስሞልቶክ ፈጣሪ አለን ኬይ በ1966 በዩታ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ከሲሙላ ጋር ተዋውቋል። ዴንማርካዊው ቢያርኔ ስትሩስትሩፕም በካምብሪጅ የዶክትሬት ሥራውን ሲሠራ ሲሙላን ተጠቅሞ ወደደው፤ በ1979 በአሜሪካ ቤል ላብስ የጀመረው ሥራ በኋላ ሲ ፕላስ ፕላስ ሆነ። ከዚያ በ1995 ጃቫ መጣ። እንዲህ እያለ የትንሿ አገር ሐሳብ ዓለምን ዞረ።

መሣሪያው ለማን ነው?

ብዙ የሕይወት ታሪክ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። የኒጎርድ ግን ገና ነው። ሲሙላ ፋብሪካዎች ውስጥ የሥራ ሂደትን ለማጥናት ሲውል ኒጎርድ አንድ ነገር ከነከነው። ጥናቱን የሚያዝዘው አስተዳደሩ ነው፤ ውጤቱን የሚያነበውም እሱ ነው፤ በአዲሱ አሠራር ኑሮው የሚለወጠው ሠራተኛ ግን አንድም ነገር አልተጠየቀም። በኮምፒዩተሩ ውስጥ ሠራተኛው እንደ ማሽኑ ሁሉ አንድ ኦብጀክት ነው፤ በእውነቱ ዓለም ግን ሰው ነው።

ስለዚህ በ1971 ከኖርዌይ የብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበር ጋር ሥራ ጀመረ። የጋራ ሥራው እስከ 1973 ቆየ። መጀመሪያ የታሰበው ባለሙያዎቹ አጥንተው ለማኅበሩ ሪፖርት እንዲያቀርቡ ነበር። ይህ ግን አልሠራም። ሪፖርት መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ሠራተኛውን ምን ይጠቅመዋል? አካሄዱ ተለወጠና በየፋብሪካው ያሉት የማኅበሩ አባላት ራሳቸው ስለ ኮምፒዩተር እንዲማሩና የሥራ ቦታቸውን ራሳቸው እንዲያጠኑ ተደረገ። መማሪያ መጻሕፍት ተዘጋጁ። ከዚህ ተነስቶ አሠሪዎችና ማኅበራት «የዳታ ስምምነት» የሚባሉ ውሎችን መፈራረም ጀመሩ። ኮምፒዩተር ወደ ሥራ ቦታ ከመግባቱ በፊት ሠራተኞች መረጃ እንዲሰጣቸው፣ ጉዳዩን የሚከታተል የራሳቸው ተወካይም እንዲኖራቸው ተወሰነ። በ1975 ይህ በአገር አቀፍ ደረጃ በአሠሪዎችና በሠራተኞች ኮንፌዴሬሽኖች መካከል ስምምነት ሆነ። ዛሬ «ተጠቃሚውን ያሳተፈ ንድፍ» እየተባለ በየዩኒቨርሲቲው የሚሰጠው ትምህርት አንዱ ሥሩ እዚህ ነው።

ፖለቲካም ይወድ ነበር። መጀመሪያ በሊበራል ፓርቲው፣ በኋላም በሌበር ፓርቲ ተሳትፏል። ከሁሉ በላይ በአገሩ ሕዝብ ዘንድ የታወቀው ግን በኮምፒዩተር አይደለም። ኖርዌይ የአውሮፓ ኅብረት አባል እንዳትሆን የሚታገለውን ድርጅት ከ1990 እስከ 1995 በሊቀመንበርነት መርቷል። ኅዳር 28 ቀን 1994 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ 52.2 በመቶ የሚሆነው መራጭ አንግባም አለ። ከኒጎርድ አቋም ጋር መስማማትም አለመስማማትም ይቻላል። የማይካደው ነገር በጥቁር ሰሌዳ ፊት ይከራከር የነበረው ሰው አደባባይ ላይም ያው ሰው መሆኑ ነው።

መምህሩ ኒጎርድ

በ1975 እና 1976 በዴንማርክ ኦርሁስ ዩኒቨርሲቲ፣ ከ1977 ጀምሮ ደግሞ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል። ከዴንማርክና ከኖርዌይ ባልደረቦቹ ጋርም ቤታ የተባለ ሌላ ቋንቋ ሠርቷል። ስለ ማስተማር የነበረው አመለካከት ግን ከብዙዎች ይለይ ነበር። አብዛኛው መምህር ከትንሽ ምሳሌ ይጀምራል፤ ልክ እኛ ከላይ በቁጠባ ደብተር እንደጀመርነው ማለት ነው። ኒጎርድ ይህን አይወደውም። እንደ እሱ አስተሳሰብ ተማሪ ከመጀመሪያው በቂ ውስብስብነት ያለው ነገር ማየት አለበት። የሚወደው ምሳሌ ምግብ ቤት ነው። አስተናጋጅ አለ፣ ወጥ ቤት አለ፣ ደንበኛ አለ፤ ሁሉም በየፊናው ይሠራል፤ አንዱ ሌላውን ይጠብቃል፤ ትእዛዝ ይገባል፣ ምግብ ይወጣል፣ ሒሳብ ይከፈላል። ተማሪው ይህን ካየ በኋላ ነው አንዷ ክላስ ለምን እንደምታስፈልግ የሚገባው። አንዷን ደብተር ብቻ ያየ ተማሪ ኮዱን ያውቅ ይሆናል፤ ለምን እንደተጻፈ ግን ላያውቅ ይችላል። ፕሮግራም መጻፍ ለኒጎርድ ከሁሉ በፊት ነገሩን መረዳት ነበር።

እኔ እንደሚመስለኝ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ትንሿ ደብተር መፈተሽን ታስተምራለች፤ ምግብ ቤቱ ደግሞ ዓለምን ማየት ያስተምራል።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

ክብሩ የመጣው ዘግይቶ ነው። በ2000 ከኖርዌይ ንጉሥ የቅዱስ ኦላቭ ኒሻን በኮማንደር ማዕረግ ተሸለመ። የኮምፒዩተር ሳይንስ ኖቤል የሚባለውን የ2001 ዓ.ም. የቱሪንግ ሽልማት ከዳል ጋር አገኙ። በ2002 ደግሞ የጆን ቮን ኑማን ሜዳልያ ለሁለቱም ተሰጠ። ሲሙላ 67 ከቀረበ ከሠላሳ ዓመት በላይ አልፎ ነበር።

ደስታው ግን አልቆየም። ዳል ሰኔ 29 ቀን 2002 አረፈ። ኒጎርድም ነሐሴ 10 ቀን 2002 በልብ ድካም በድንገት ሞተ፤ 76 ዓመት ሊሞላው 17 ቀን ቀርቶት ነበር። በሁለቱ ሞት መካከል ስድስት ሳምንት ብቻ ነው ያለው። ከ2005 ጀምሮ በሁለቱ ስም የሚጠራ ሽልማት በዘርፉ ለሚሠሩ ተመራማሪዎች ይሰጣል። በኦስሎ ዩኒቨርሲቲም ሁለት ሕንፃዎች በስማቸው ተሰይመዋል። ጎን ለጎን ሲከራከሩ የኖሩ ሰዎች ሕንፃቸውም ጎረቤት ሆነ።

ምን እንማራለን?

ከኒጎርድ ሕይወት ለክፍላችን ተማሪዎች ሁለት ነገር እናገኛለን ብዬ አምናለሁ። አንደኛው፣ ትንሽ አገር ትልቅ ሐሳብ አታወጣም የሚለው አባባል በማስረጃ የተሻረ መሆኑ ነው። ኒጎርድና ዳል የአሜሪካን ያህል ገንዘብ አልነበራቸውም፤ የነበራቸው የሚጨቃጨቁበት ጥቁር ሰሌዳና ችግሩን እስኪፈቱ ድረስ አለመልቀቅ ነው። ሁለተኛው ወደ ሙያችን የቀረበ ነው። ስለ አዲስ ቴክኖሎጂ የሚወጡ ዘገባዎችን ብናይ ፍጥነቱን፣ ዋጋውን፣ ያመጣውን ኩባንያ ይነግሩናል። ማንን ጠይቀው አስገቡት፣ ማን ተጠቀመ፣ ማንስ ከሥራው ተፈናቀለ የሚለው ግን ብዙ ጊዜ አይጠየቅም። ይህን ጥያቄ ከ50 ዓመት በፊት የጠየቀው መሣሪያውን የሠራው ሰው ራሱ ነው። እሱ ከጠየቀ፣ መጠየቅ ሥራችን የሆነ እኛማ እንዴት ዝም እንላለን?